«አይ» ብዬ የመለስኳት ካርድ

ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ሰሞን ደቡብ ሎንዶን ካለው ሐበሻ ግማሹ «አጫሽ ሆናለች» ብሎ ስላማኝ ነው። ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነሥቶ ክሮይደን እስኪደርስ ከትራሙ ይፈጥን ነበር። ቤቴ ውስጥ የሲጋራ ፋብሪካ ስም የታተመባቸው ካርዶች ሞልተው ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ካርዶቹ ግን የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ፣ ከእኔ በዕድሜ እጥፍ የሚሆኑ ሥዕሎች ናቸው። አብሯቸው የነበረውን ሲጋራ ያጨሱት ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል። ይህን ለሰው ሁሉ እየዞርኩ ማስረዳት ስላልቻልኩ ያሙኝ ብዬ ተውኳቸው።

ነገሩ የጀመረው አገር ቤት በዘጠና ሰባት ከተደረገው ምርጫ በኋላ ነው። ያኔ ሎንዶን ውስጥ ሁለት ሐበሻ ተገናኝቶ ሳይጨቃጨቅ የሚለያይበት ቀን ጠፍቶ ነበር። ልደት ተጠርተን ሄደን ኬኩ ሳይቆረስ እንጣላለን። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ወገን ለይቶ መቀመጥ ጀመረ። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረውን፣ ሠርጋችን ላይ ሚዜው የነበረውን ጓደኛውን ስልክ ማንሣት ተወ። ሚዜው አናጢ ነው፤ ኩሽናችንን የሠራልን እሱ ነው፤ ባለቤቴ ግን መሳቢያ በከፈተ ቁጥር ፊቱን ያጨማድድ ነበር። እኔም ቁጡ ነኝ፤ የተናገረኝን ሰው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልበትም፤ ከየተጠራሁበት ቤት ድምፄ ተዘግቶ ነበር የምመለሰው።

አንድ ቅዳሜ ባተርሲ ውስጥ ከእንዲህ ዓይነት ግብዣ ተናድጄ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ ልጠለል ብዬ በሩ የተከፈተ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ገባሁ። ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው የብስኩት ቆርቆሮዎችና የጫማ ካርቶኖች አሉ፤ በየካርቶኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ማጉያ መነጽር ይዞ አቀርቅሯል። ማንም አልጮኸም። ማንም ከየትኛው ወገን ነሽ አላለኝም። እዚያ በር ላይ ቆሜ ከብዙ ወራት በኋላ የተወጠረው ትከሻዬ ሲላላ ተሰማኝ።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባችው ካርድ መሰላል ላይ የቆመች ሴት ነበረች። መስኮት ታጥባለች፤ ባልዲዋ ከጎኗ ተንጠልጥሏል፤ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ «ምን ታያለህ?» የምትል ትመስላለች። ወዲያው ወደድኳት፤ እኔም ትኬት ያልቆረጠ ሰው የማየው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ትራም ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። ክሮይደንን መጀመሪያ ያወቅኋት እንደ ብዙዎቻችን በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሰልፍ ላይ ነው፤ በኋላ ትራም ሲገባ ዩኒፎርም ለብሼ እዚያው ቀረሁ። ትኬት የሌለው ሐበሻ ሲያየኝ «እህቴ» ይላል። እህትነቱ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ነው እላለሁ።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡ አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ካርዷን አፍጥጬ ሳያት አይተው ወንበር ሳቡልኝ። ታሪኩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ድሮ የሲጋራ ፓኮ ስስ ወረቀት ነበር አሉ፤ ኪስ ውስጥ ሲጋራው ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ማጠንከሪያ ወፍራም ወረቀት ጨመሩበት። ወረቀቱ ባዶ ከሚሆን ማስታወቂያ አተሙበት። ቀጥሎ አንዱ ብልጥ ሥዕል አስገባ፤ ለሥዕሉም ቁጥር ሰጠው። ቁጥር ከተሰጠ በኋላ ልጆቹ የጎደለውን ካልሞላን ብለው አባቶቻቸውን እረፍት ነሷቸው፤ አባት የሲጋራ ዓይነት ልቀይር ቢል ልጁ ያለቅሳል።

«ሥዕሉ ለልጁ፣ ሳሉ ለአባቱ» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። እሳቸውም በልጅነታቸው ከትምባሆ ሱቅ ደጅ ቆመው የሚወጣውን ወንድ ሁሉ «ጋሼ ካርዷን» እያሉ ይለምኑ እንደነበር ነገሩኝ፤ ቃሉ ይህ ባይሆንም ነገሩ ይኸው ነው። እኔም አዲስ አበባ የማስቲካ ሥዕል ሰብስቤአለሁ፤ ወንድሞቼ ደግሞ ከመንገድ የለቀሙትን የሲጋራ ፓኮ እያጠፉ ይጫወቱበት ነበር። ስለዚህ ከሽማግሌው ጋር ለመግባባት ጊዜ አልፈጀብንም። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ እኔ በልቤ እሳቸውን አንቱ ሳልል የተናገርኩበት ቀን የለም።

ባለ መሰላሏ ካርድ ብቻዋን አልነበረችም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ሥራቸውን የያዙትን ሴቶች የሚያሳዩ ሃምሳ ካርዶች ነበሩ፤ ደብዳቤ አዳይ፣ ወተት አመላላሽ፣ የድንጋይ ከሰል ጫኝ፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ ልብስ አጣቢ። የታተሙት ለሴቶቹ ክብር አይደለም፤ ለወንድ ሲጋራ ለመሸጥ ነው። ጭስ ማውጫ ጠራጊዋን ብታዩ ጉንጯ ላይ አንዲት ጥላሸት የለችም። ከሰል ጫኟ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ትስቃለች። ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ «እጆቿ ለስላሳ ቢሆኑም» እያለ ይጀምርና ሰውነቴን ያቃጥለኛል። ያም ሆኖ ሰዓሊው የሸፋፈነውን ሁሉ አልፎ የሚታይ ነገር ነበር፤ የአቋቋማቸው ነገር። ሥራ የያዘ ሰው አቋቋም ነው፤ አውቀዋለሁ።

ሌላም ብዙ አየሁ። ወፍ፣ መርከብ፣ ባንዲራ፣ እግር ኳሰኛ፣ የየአገሩ ወታደር። አንድ ሕዝብ ልጆቼ ሊያውቁት ይገባል ያለውን ሁሉ በክብሪት ቀፎ ልክ ቆርጦ ከትምባሆ ጋር ሸጦታል። አገሬን ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ፈረሰኛ ነው፤ ፈረሱ ያምራል፣ ሰውየው ግን ማንን እንደሚመስል እስካሁን አልገባኝም።

የእነዚህ ካርድ ሰብሳቢዎች ክለብ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰብ ነበር። ለእኔ ከማኅበር የሚለይ ነገር አልነበረውም፤ ሻይ አለ፣ ብስኩት አለ፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። የሚመራውን ሰውዬ በልቤ ሙሴ አልኩት፤ በእኛ ማኅበር መሪው ሙሴ ነውና። ሙሴው ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ፣ ሁልጊዜ ሱፍ የሚለብስ፣ መርከብ የሚሰበስብ ሰው ነው። ጨዋ ነው። ደንብም ያውቃል። ዋናው ደንብ ደግሞ ኅዳር ላይ ለሕዝብ ክፍት በሚሆነው ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ካርዶቹን ደርድሮ የራሱን ማሳያ ቦርድ የሚያቆመው ሙሉ ስብስብ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። አንዲት ካርድ የጎደለው ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ያጨበጭባል።

ወይም እንደ እኔ ሻይ ያፈላል። ይህን በራሴ ላይ ያመጣሁት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ለራሳቸው ሻይ ሲቀዱ ሳይ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ ያደግሁበት አይፈቅድም። ተነሥቼ ቀዳሁ። በሁለተኛው ወር ማንቆርቆሪያው እኔ ፊት መጣ። ከዚያ በኋላ ለኤግዚቢሽን ሥራ ሲከፋፈል ሙሴው ወደ እኔ ዞሮ «የእርስዎ ሻይ ባይኖር ምን እንሆን ነበር?» ይላል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ሁለት ኅዳር እንዲህ አለፈ። የሰው ቦርድ እያየሁ የሰው ኩባያ አጠብኩ።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በራሴ ቦርድ አጠገብ፣ በራሴ ሃምሳ ሴቶች ፊት መቆም። ሎንዶን ውስጥ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ፤ ብዙ ቦታ እንግዳ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ እዚህ ግን ባለቤት መሆን አማረኝ። ለምን እዚህ ብትሉኝ፣ ማንም ሰጥቶኝ ሳይሆን እኔው በዝናብ ገብቼ ያገኘሁት ቦታ ስለሆነ ይመስለኛል። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ አርባ ዘጠኙን ይዣለሁ። ከፊሉን ተለዋውጬ፣ ከፊሉን ከየካርቶኑ በርብሬ ነው። የጎደለችው አንዲት ብቻ ናት፤ የትራሟ ሴት። መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያየኋት፤ ረጅም ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ በትከሻዋ የተንጠለጠለ የሳንቲም ቦርሳ፣ ደረቷ ላይ ትኬት መብሻ። ከሃምሳው ሁሉ የእኔ ሥራ የጎደለው ለምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።

በዚያ መስከረም ስብሰባ ላይ ባለ ከዘራው ሽማግሌ ቆርቆሯቸውን ከፍተው አንዲት ካርድ በሁለት ጣታቸው አወጡ። እሷ ናት። ከነካፖርቷ።

«ይህቺ እኔ ጋ ሁለት ሆናለች፤ ትፈልጊያታለሽ?» አሉኝ።

«አይ፣ ኧረ ይቅርብኝ፤ የእርስዎ ናት፣ ያኑሯት» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው። እናቴ ናት፣ አክስቶቼ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው። በእኛ ቤት የመጀመሪያው «አይ» መልስ ሆኖ አያውቅም። የሰጠህ ሰው «በሞቴ» ይላል፤ አንተ «አይገባም» ትላለህ፤ እሱ ይቆጣል፤ ከዚያ እጅህን ትዘረጋለህ። እኔም እጄን ለመዘርጋት ተዘጋጅቼ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

«እንደፈቀድሽ» አሉና ካርዷን ቆርቆሮው ውስጥ መልሰው ክዳኑን ጠቅ አደረጉት። ቀጥለው የዝንጅብሉ ብስኩት አልቆ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ብስኩት አመጣሁላቸው። አጠገባቸው ቆምኩ። ምናልባት አሁን ይደግሙታል ብዬ ሻይም አመጣሁ። «አይ፣ በቃኝ» ሲሉ አልሰማኋቸውም፤ ቀዳሁላቸው። ሌላ ብስኩት ጨመርኩ። ሽማግሌው በጣም ተደስተው በሉ፤ ስለ ካርዷ ግን ትንፍሽ አላሉም። አዳራሹ ተዘግቶ ስንወጣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ደህና እደሪ አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ከሚዜው ጋር ከተኳረፈ ወዲህ ጥርሱን ያሳየበት ቀን ያ ነው።

«እና ሁለተኛ አላሉሽም?»

«አላሉኝም።»

«ብስኩት እያቀረብሽላቸው?»

«እያቀረብኩላቸው።»

ሶፋው ላይ ተኛ ብሎ ሳቀ። «ስንት ዓመት ኖርሽ እዚህ አገር? ኖ ካልሽ ኖ ነው፤ አለቀ።»

«ኢንተርቪው ላይ ደመወዝ ስንት ትፈልጋለህ ሲሉህ ‹እናንተ እንደወደዳችሁ› ያልከው ማን ነው?» አልኩት። ሳቁን አቆመ።

«ደውለሽ ጠይቂያቸዋ» አለ ቆይቶ፣ ለስለስ ብሎ።

«አይ ብዬ ደግሞ ስጡኝ ልበል? ምን ይሉኛል?»

ምን ይሉኛል። ስንት ነገር በዚህች ቃል አመለጠኝ መሰላችሁ። ትራም ላይ ጎረምሳ አስቁሜ ትኬትህን የምል ሴት፣ ለራሴ አንድ ነገር ለመጠየቅ ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ወዳጄ ደወለችልኝ። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ነገር አታድበሰብስም።

«ሰው እያወራ ነው፤ እኔ እንኳ አላመንኩም፤ ብቻ ቼክ ላድርግ ብዬ ነው» አለችኝ። «እውነት ሲጋራ ጀምረሻል?»

«ካርድ ነው።»

«ካርድ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ይጠጣል?»

ኅዳር ላይ ነይና እዪው አልኳት። ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ፤ ምን እንደማሳያት አላውቅም ነበር።

በጥቅምቱ ስብሰባ ሽማግሌው ቀሩ። ወድቀው እግራቸውን ተጎድተው ዌምብሊ ልጃቸው ቤት እንዳሉ ሰማሁ። የታመመ ሰው ይጠየቃል፤ አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዝቼ በባቡር ሄድኩ። የምሄደው ለመጠየቅ ብቻ ነው እያልኩ ራሴን ሳሳምን ነበር መንገዱን የጨረስኩት። ልጃቸው ሥራ ስለሄደች በሩን ራሳቸው እያነከሱ ከፈቱልኝ። ከመስኮቱ የአዲሱ ስታዲየም ቅስት ይታያል። ብርቱካኑን ሲያዩ ሌላም እንግዳ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም የእርስዎ ነው አልኳቸው።

«ሻይ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«አይ፣ አይቸገሩ» አልኩ።

እሺ ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ከክሮይደን ዌምብሊ ቀላል መንገድ አይደለም። ቅስቱን አየሁ። ከዚያ በራሴ ላይ ቁጣዬ መጣ፤ እውነተኛው፣ ለሰው የማወጣው ዓይነት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ ቀጥ ብዬ። «ሻይ እፈልጋለሁ። ካርዷንም እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አይ አልሽኝ?»

«አይ ያልኩት እንዲደግሙልኝ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተሰጠህን መቀበል እንደ ስግብግብነት እንደሚቆጠር፣ ተቀባዩን ደጋግሞ መለመን እንደሚገባ፣ ሰጪው ካልተሟገተ ከልቡ እንዳልሰጠ እንደሚታሰብ። ሲያዳምጡ አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ደግሞ አይ ያለን ሰው መጨቅጨቅ ንቀት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት» አሉ። «አከብርሻለሁ ብዬ ነው የተውኩሽ።»

ሁለታችንም ጨዋ ነበርን ማለት ነው። በጨዋነት መካከል ካርዷ ወድቃ ቀረች። አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ። ትርፏ ካርድ እሳቸው ጋ የለችም፤ የቀረችው የራሳቸው ስብስብ ውስጥ ያለችው ብቻ ናት። ያን ዕለት እኔ ኩባያ ሳጥብ ሙሴውን «ትፈልጋታለህ?» ብለውት ነበር። እሱ ወዲያው «አመሰግናለሁ» ብሎ ኪሱ ከተታት። ለእሱ ምኗም አይደለችም፤ እሱ መርከብ ነው የሚሰበስበው፤ ግን ሰጡት፣ ወሰደ። ሰው እንደዚያም ይኖራል ለካ።

«ጠይቂው» አሉኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«አሁን እኔን እንደጠየቅሽኝ።»

ሻዩን በስተመጨረሻ ያፈላሁት እኔ ነኝ፤ እግራቸው ታሞ ምን ይደረግ። ግን ለራሴም ቀዳሁ፤ ሁለት ኩባያ ጠጣሁ።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት የነበረው የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሙሴው ፊት ቆሞ ቦርድ አከፋፈለ። ወፎቹ በመስኮቱ በኩል፣ እግር ኳሰኞቹ መግቢያው ላይ፣ መርከቦቹ መሐል። ከዚያ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሻዩ መቼም…» ሲል ተነሣሁ።

«ዘንድሮ ቦርድ እፈልጋለሁ» አልኩ።

«እንዴ፣ ስብስቡ ሞላልዎት?»

«አልሞላም። የጎደለችው እርስዎ ጋ ናት።»

አንድ ሰው ሻዩን ያማስል የነበረበትን ማንኪያ አቆመ። እነዚህ ሰዎችም ቢሆኑ እንዲህ ፊት ለፊት አይጠያየቁም፤ «እንደው ምናልባት ቢቻል» እያሉ ነው ነገር የሚያዞሩት። ድምፄ ግን የትራሙ ድምፅ ነበር፣ ለኋለኛው ወንበር የሚሰማው።

የሙሴው ፊት ቀላ። «እንደማይፈልጓት ነው የተነገረኝ» አለ።

«እፈልጋታለሁ። ያኔም ፈልጌአት ነበር።»

የክለቡ ወግ ካርድ በካርድ ነው። ትርፎቼን የያዘውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የወደዱትን ይምረጡ አልኩት። ለመምረጥ ጊዜ ወሰደ፤ ባለ ሦስት ጭስ ማውጫ መርከብ ነበረችኝ፤ እሷን ሲያይ ዓይኑ በራ። ሌላም ይጨምሩ ስለው «አይ፣ አንድ ይበቃል» አለ። አልሰማሁትም፤ ሁለተኛ መርከብ መዳፉ ውስጥ አድርጌ ጣቶቹን አጠፍኩለት። ከደረት ኪሱ ከወጣ ትንሽ አልበም ውስጥ የትራሟን ሴት አውጥቶ ሰጠኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

«ሻዩስ ታዲያ?» አለ፣ እውነትም ጨንቆት።

«እርስዎ ያፈሉታል» አልኩት።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በኋላ ግን ሁሉም ሳቀ፣ ሙሴውም ጭምር። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ላይ ካርዷን ደረቴ ላይ ይዤ ብቻዬን እንደ ሞኝ እስቅ ነበር። ደስታው የካርዷ ብቻ አልነበረም። ጠይቄ አለመሞቴ ነው።

አሁን የቀረው ቦርዱ ነው። ሃምሳ ካርድ ከፊትም ከኋላም እንዲታይ መስታወት፣ ማዕዘን፣ መቆሚያ ያስፈልገዋል፤ ባለቤቴ ደግሞ ሚስማር መምታት አያውቅም። ሁለት ቀን ኩሽና ውስጥ ተንጎራደደ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ሳሎኔ ውስጥ የመጋዝ ብናኝ ነው። ሚዜው መሬት ላይ ተንበርክኳል፤ ባለቤቴ እንጨቱን ይዞለታል፤ ሁለቱ ስለ ቡሎን ይጨቃጨቃሉ። ባለቤቴ አጭር ነው ይላል፣ ሚዜው ይበቃል ይላል። ምርጫ የሚባል ነገር ያነሣ የለም። ምን ብሎ እንደደወለለት ጠይቄው «ቦርድ የሚሠራ ሰው ጠፋ አልኩት» አለኝ። እራት ሠርቼ ሁለቱንም ካበላሁ በኋላ ብናኙን እንዲጠርጉ መጥረጊያ ሰጠኋቸው።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ሃምሳ ሴቶቼን ይዤ ቆምኩ። ከመርከቦቹ ቀጥሎ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ነው የሰጠኝ ሙሴው፤ ይህን አልደብቅም። እሱ ያፈላው ሻይ ውኃ ነበር። ባለ ከዘራው ሽማግሌ ከዌምብሊ ድረስ መጥተው አንድ ጉንጭ ጠጥተው ኩባያውን አስቀመጡ። ወዳጄም ከቤተ ክርስቲያን መጣች፤ መጀመሪያ አጠገቤ ስትደርስ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። ከዚያ ቦርዱን ከላይ ጀምራ ስታነብ ልብስ አጣቢዋ ጋ ደርሳ ከዚያ አልነቀል አለች። «ሁሉም ሠራተኞች ናቸው እኮ» አለች። ከዚያን ዕለት ወዲህ ስለ እኔ የሚያማ ሰው ካለ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። የአንደኝነቱን ሪባን የወሰደው የእግር ኳሰኞቹ ቦርድ ነው። ይውሰደው።

ሊዘጋ ሲል አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ አሮጊት በመደገፊያ እየተራመዱ መጡ። የሠፈሩ ሰው ናቸው፤ ካርድ አይሰበስቡም፤ በሩ ተከፍቶ ስላዩ ነው የገቡት። ከአንዷ ወደ አንዷ በዝግታ አለፉና ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። የትራሟ ሴት ላይ ነው።

«እናቴ» አሉ።

ካርዷ የእናታቸው ሥዕል ናት ማለታቸው አልነበረም። እናታቸው በዚያ ጦርነት ጊዜ ደቡብ ሎንዶን ውስጥ ትራም ላይ ትሠራ ነበር። ያ የሳንቲም ቦርሳ ዳሌዋን ያበልዘው ነበር አሉ። እሳቸው ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ የነገረቻቸው በኋላ ነው። ጦርነቱ አልቆ ወንዶቹ ሲመለሱ ሴቶቹን አሰናበቷቸው፤ ዩኒፎርሙን አስመለሷቸው። እናታቸው ለሥራው አላለቀሰችም፣ ካፖርቱን ስታስረክብ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ወለል አጠበች። ያን ካፖርት ለብሳ የተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለም። አሮጊቷ እናታቸው በዚያ ልብስ ምን ትመስል እንደነበር ያዩት ዛሬ ነው።

«ከየት አገኘሻት?» አሉኝ።

«ጠይቄ» አልኳቸው።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝና አንቺስ ሥራሽ ምንድን ነው አሉ።

«ትራም ላይ ነኝ። ክሮይደን።»

በደንብ አልሰሙኝ እንደሆነ ብዬ ደገምኩላቸው። ሰምተውኛል። አንድ እጃቸውን ከመደገፊያው አንሥተው ክንዴን ያዙ፤ እጃቸው ይጠነክራል።

«አሁን? ዛሬ?»

«ነገ ጠዋት ገቢ ነኝ።»

«ካፖርት ሰጥተውሻል?»

«ሰጥተውኛል።»

«እንዳትመልሺላቸው» አሉኝ።

አልመልስም አልኳቸው።